አንዴ የተቀቀለ መርፌ

እኛ አገር ሐኪም ማግኘት ቀላል ነው። "አመመኝ" ብላችሁ አፋችሁን ሳትገጥሙ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይከባችኋል። አንዱ ዳማ ከሴ ጨምቃችሁ ጠጡ ይላል፤ አንዱ ጠበል ያዝዛል፤ አንዱ ደግሞ የአጎቱ ሚስት የዳነችበትን ቅጠል ስሙን ረስቶት ቅርጹን በጣቱ አየር ላይ ይስልላችኋል። የሚያዝዘው ያጣው "አይዞህ" ይላል። አይዞህ የማይታዘዝለት በሽታ የለም። ለራስ ምታት አይዞህ፣ ለወገብ ቁርጥማት አይዞህ፣ ሚስቱ ጥላው ለሄደችም አይዞህ። ከምግብ በፊትም ከምግብ በኋላም ይወሰዳል። እኔ ራሴ ክሊኒክ ስሠራ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር፣ ያላለቀበትን ወር እንጃ፣ ለሰው የማድለው እሱን ነበር። አትሳቁ፤ ብዙ ሰው ድኖበታል።

ግን አይዞህ ሲሉት የሚብስበት አንድ በሽታ አለ። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ይዞኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ጤና ረዳትነት ተምሬ ስጨርስ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ተመደብኩ። ክሊኒኩ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ መፈክሩ በትልቁ ስለተጻፈ "ክሊኒክ" የሚለው ቃል ቦታ አጥቶ ጥግ ላይ ተጨንቆ ቆሟል። ከእኔ ሌላ የሕክምና ሰው ለማግኘት ቀኑን ሙሉ በእግር መሄድ ስለሚጠይቅ አገሬው "ዶክተር" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ "ዶክተር አይደለሁም፣ ጤና ረዳት ነኝ" እያልኩ አርም ነበር። ቀጥሎ ማረሙ ሰለቸኝ። ቀጥሎ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ወደድኩት።

ያን ጊዜ አንዴ ተወግቶበት የሚጣል መርፌ የለም። መውጊያው ብርጭቆ ነው። ይታጠብና፣ ይፈታታና፣ ውሃ ያለበት የብረት ሳጥን ውስጥ ተከቶ የነጭ ጋዝ ምድጃ ላይ ይቀመጣል። ውሃው ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ በሰዓት ይታያል። ከዚያ በመቆንጠጫ ይወጣና ተገጣጥሞ ሰው ይወጋበታል። መርፌ መቀቀል ይባላል። እንቁላል መቀቀል የሚችል ሰው መርፌ መቀቀል አያቅተውም።

እኔን አቃተኝ።

አጀማመሩ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። አንድ ገበሬ የወጋሁት ቦታ መግል ቋጠረበት። አፈረጥኩለት፣ ጠረግኩለት፣ ዳነ፤ እንዲያውም ባቄላ በስልቻ ይዞልኝ መጥቶ አመሰገነኝ። ሰውዬው ነገሩን ከረሳው ከብዙ ጊዜ በኋላ እኔ "ያን ቀን መርፌው ፈልቶ ነበር?" እል ጀመር። ፈልቶ ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ። እስከ ማግስቱ ጧት ድረስ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ ሃያው ደቂቃ አርባ ሆነ፤ አርባውም አልበቃ አለ። መርፌውን ሳወጣው መቆንጠጫው የሳጥኑን ጠርዝ የነካ ይመስለኛል፤ መልሼ እከተዋለሁ። ውሃው ሲንተከተክ ያየሁት ዛሬ ነው ወይስ የማስታውሰው የትናንቱን ነው እላለሁ፤ መልሼ እከተዋለሁ። ዓይኔ ያየውን ልቤ አልቀበልም ይላል። ለዓርብ ገበያ የመጣ ሰው አህያውን ከክሊኒኩ አጥር ላይ አስሮ፣ እህሉን ሸጦ፣ ጨውና በርበሬውን ገዝቶ፣ ዘመድ ጠይቆ ተመልሶ አህያውን ሲፈታ እኔ ያንኑ መርፌ እቀቅላለሁ። መጀመሪያ ሰዉ "ዶክተሩ ጥንቁቅ ነው" አለ። ሰነበተና "ዶክተሩ ይቆያል" አለ። ኋላ "ዶክተሩን ምን ነካው?" ማለት መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ብቅ ብሎ "ጓድ ሐኪም፣ ሰፊው ሕዝብ ደጅ ቆሞ አንተ ብረት ትቀቅላለህ?" አለኝ። በዚያ ዘመን መጠርጠር የመንግሥት ሥራ ነበር፤ እኔ ያለ ፈቃድ በግሌ ከፍቼው ተገኘሁ።

ብቻዬን ስላልቻልኩት ምስክር ፈለግሁ። ምስክሬ ባለቤቴ ስንዱ ሆነች። ስንዱ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት የምታስተምር፣ እጅግ ታጋሽ ሴት ናት። ጧት ጧት ሳጥኑ አጠገብ አቆማታለሁ።

"ስንዱ፣ ፈላ አይደል?"

"ፈላ።"

"በደንብ አይተሻል?"

"በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ። አይዞህ፣ ፈልቷል።"

እፎይ እላለሁ። እፎይታው ግን ከምድጃው እስከ በሩ ድረስ ነው፤ ከበሩ ስደርስ ያልቃል። ምናልባት እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ ቢሆንስ? እመለሳለሁ፤ እጠይቃታለሁ፤ "ፈላ" ትለኛለች። በቀን ስንት ጊዜ እንዳለችው እኔም እሷም አናውቅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ወጥ እያወጣች ሳለ ቀና ብዬ አየኋትና "ፈላ" አለችኝ። ምንም አልጠየቅኋትም ነበር። ጨው አቀብይኝ ልላት ነው። እሷም ያለችውን ስትሰማው ጭልፋውን አስቀምጣ አለቀሰች።

የነፍስ አባቴ ቄስ ይትባረክ እዚያው ጋይንት ካለው ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የመጡ ሊቅ ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ከመቀቀልህ በፊት ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት በልና የቀረውን ለእሱ ተወው" አሉኝ። ደግ ምክር ነው፤ ለጤነኛ ሰው። እኔ ግን ሦስተኛውን ስጨርስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ የነበረ ይመስለኝና ከአንደኛው እጀምራለሁ። ከዚያ ወዲያ የምቀቅለው ሁለት ሆነ፤ መርፌውንም ጸሎቱንም።

በመጨረሻ መድኃኒት ላመጣ ነው ብዬ ነፋስ መውጫ ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ሄድኩ። እዚያ አንድ ዶክተር ፊት፣ እውነተኛውን ዶክተር ማለቴ ነው፣ ስለ አንድ ጓደኛዬ ላማክርዎት ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ጓደኛዬ ብዙ አወራሁ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ምን ይልሃል?" አሉኝ። "ጠርዙን ነክቶ ቢሆንስ ይለኛል" አልኳቸው። ጓደኛዬ እዚያው ሞተ።

ዶክተሩ አልሳቁብኝም። "ይህ የታወቀ በሽታ ነው፤ አንተ የፈጠርከው እንዳይመስልህ" አሉኝ። "ሕክምናውን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ሲሠራ ግን አላየሁም። የሚያስፈራህን ነገር እንደ ደንቡ አንድ ጊዜ ታደርገዋለህ። ከዚያ አትደግምም፤ አትመረምርም፤ ማንንም አትጠይቅም። ፍርሃቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ የምትሞት ይመስልሃል። ካልመገብከው ራሱ ይወርዳል። በማግስቱ እንደገና። እያደር ይደክማል።"

"ይህን የሚሠራ ሐኪም የት አለ?" አልኳቸው።

"እኔ የማውቀው የለም። አዲስ አበባ ብትሄድም ስለማግኘትህ ዋስ አልሆንህም። ደግሞ ምድጃህ ያለው አርብ ገበያ ነው፤ ሐኪምህም እዚያ መሆን አለበት። ሰው ፈልግ።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

ትንሽ አሰቡና "ስትጠይቀው የማይመልስልህ፤ ሳይመልስልህ ደግሞ ጥሎህ የማይሄድ" አሉኝ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ እናንተም ከምታውቁት ሰው መካከል አንድ ፈልጉ። እኔ ከነፋስ መውጫ አርብ ገበያ እስክገባ መንገዱን ሙሉ ሰው ሳበጥር መጣሁ። ስንዱ ጥላኝ አትሄድም፤ ግን ትመልስልኛለች። ቄስ ይትባረክ ሰው ሲጨነቅ እያዩ ሳይባርኩት ማለፍ አይሆንላቸውም። ሊቀመንበሩ መልስ እንደማይሰጠኝ የታወቀ ነው። ጥሎኝም አይሄድም፤ ይዞኝ ይሄዳል እንጂ። የሚወደኝ ሁሉ ያጽናናኛል፤ የማይወደኝ ለምን አጠገቤ ይቀመጣል? አገር ሙሉ ሰው እያለ አንድ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥልኝ አጣሁ።

አሁን እማማ ከድጃን ላስተዋውቃችሁ። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ አርባ እርምጃ ያህል እልፍ ብሎ፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ዓርብ ዓርብ ጥጥ ይሸጣሉ፤ በሌላው ቀን የተሰበረ ይጠግናሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ። የታወቁ ወጌሻ ናቸው። እኔ ግን ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። እንዲያውም በአንድ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከበላይ በታዘዝኩት መሠረት ተነስቼ "ወጌሻ ኋላ ቀር ልማድ ነው" ብዬ ረጅም ንግግር አድርጌያለሁ። እማማ ከድጃ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ።

ከደብረ ታቦር በተመለስኩ በሳምንቱ አየለ የሚባል ገበሬ በሬ ጥሎት ክንዱ ተሰብሮ ወንድሞቹ ወደ እኔ አመጡት። የሕመም ማስታገሻ ልወጋው ውሃ ጣድኩ። ፈላ። ሃያ ደቂቃው አለፈ። አወጣሁት፤ መለስኩት። አወጣሁት፤ መለስኩት። ሰውዬው አግዳሚው ላይ ያቃስታል። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ግድግዳው ዞረች። ታላቅ ወንድሙ ብድግ አለና "ዶክተር፣ መርፌው ሲበስል ጥራን" አለኝ፤ ወንድማማቾቹ አየለን ደግፈው ወደ ጓሮ ወሰዱት።

ሐፍረት እግር እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ይዞኝ ተከተላቸው። ከእማማ ከድጃ በር ላይ ቆሜ አየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የአየለን ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው በጣታቸው እየዳሰሱ ወረዱ። አየለ የልጆች አባት ነው፣ ድንጋይ ግንባሩን ቢመታው የማያለቅስ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ተሰባብሮ "እማማ፣ ይድናል? አርስበታለሁ?" አላቸው።

"አላውቅም" አሉት። "ዘርጋው።"

"ያማል?"

"አዎ።"

ሳቡት። አየለ ጮኸ። እሳቸው አልተጣደፉም፤ "ወይኔ ልጄን" አላሉም፤ እጁንም አልለቀቁም። ጩኸቱን ሲጨርስ እንደያዙት ነበሩ። ከዚያ የቀርከሃ ስንጥር ከግራና ከቀኝ አድርገው በጨርቅ አሰሩለት። እኔ ክንዱን ማየት ትቼ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ያ "አላውቅም" ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጧት ሄድኩ። እማማ ከድጃ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

"እንዴት አደሩ፣ እማማ?"

"አልሐምዱ ሊላህ። ኋላ ቀር ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ምንህ ተሰበረ?"

ምኔ እንደተሰበረ ለማሳየት ስላልቻልኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። መግሉን፣ ሳጥኑን፣ ስንዱን፣ ጸሎቱን፣ ዶክተሩን። እንዝርቱ አንድ ጊዜም አልቆመም። ስጨርስ "ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?" አሉኝ።

"እኔ እጠይቅዎታለሁ። እርስዎ አይመልሱልኝም።"

እንዝርቱ ቆመ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። አስተያየታቸው ከእኔ አልፎ ሌላ ሰው የሚያይ ይመስል ነበር። ከዚያ "ነገ እመጣለሁ" አሉ።

መጡ። በርጩማ ይዘው፣ ጥጣቸውን ይዘው፣ በምድጃውና በበሩ መካከል ተቀመጡ። ሰዓቴን ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ውሃው ፈላ፤ ሃያ ደቂቃ ሞላ። "አውጣው" አሉ። አወጣሁት። እጄ ወደ ሳጥኑ ሊመለስ ሲል "ሰውየው ይጠብቅሃል" አሉ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወጋኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ መጣ። ፍርሃቱ፣ ዶክተሩ እንዳሉት፣ ወጣ፣ ወጣ። ሽማግሌው ሲያብጡ፣ ሲቃዡ፣ ልጆቻቸው ሲያለቅሱ አየሁ። አስከሬናቸውን አጅቤ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ።

"እማማ፣ ፈልቶ ነበር አይደል?"

"አላውቅም።"

"እዚሁ ተቀምጠው እያዩት!"

"ዓይኔ ደካማ ነው" አሉኝ፣ ከፀጉር የቀጠነ ፈትል በጣታቸው እየመዘዙ።

ሽማግሌውን ሮጬ ልመልሳቸው ተነሳሁ። "ቁጭ በል" አሉ። ቁጭ አልኩ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። "ያማል?" አሉኝ። "በጣም ያማል" አልኩ። "እሺ" አሉና መፍተላቸውን ቀጠሉ። እሺ! አይዞህ የለ፣ አብሽር የለ፣ ያልፋል የለ። ተናደድኩባቸው። ወድጄ አይደለም፤ ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ። እንዲያ እንዳለሁ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ነገር ሆነ። ማንም ምንም ሳይለኝ ትከሻዬ ወረደ። ጥያቄው አልተመለሰም፤ እዚያው አለ። ግን ደክሞታል፤ እንደ በፊቱ አይጮህም።

"ሌላ ሰው ጥራ" አሉ እማማ ከድጃ።

ሁለተኛው ቀን የባሰ ነበር፤ አምስተኛው ቀለል ያለ፤ ስድስተኛው እንደገና የከፋ። ደጅ ወረፋ የያዘው ሰው እኛን እያየ የየራሱን ወሬ ሠራ። አንዱ ዶክተሩ ወጌሻነት ሊማር ነው አለ። አንዱ እማማ ከድጃ ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ሆነው ተሹመው ነው አለ። ይሄኛው ወሬ ሳያሸንፍ አልቀረም፤ ሰዎች ሲገቡ ከእኔ በፊት ለእሳቸው እጅ መንሳት ጀመሩ። አንድ ሚሊሻማ መሣሪያውን አስተካክሎ "ጓድ ከድጃ" አላቸው።

በሽተኛ ሐኪሙን ሳያታልል አይታከምም፤ ይህን ከሁለቱም ወገን ቆሜ አረጋግጫለሁ። አንዷን ታካሚ መድኃኒቷን ስሰጣት በሹክሹክታ "ውሃው ሲንተከተክ ሰምተሻል?" አልኳት። እማማ ከድጃ ከበርጩማቸው ሆነው "አትመልሺለት" አሏት። ስንዱን ባልጠይቃትም በቅንድቤ እጠይቃት ጀመር፤ እሷንም ፊቷን እንድታዞር አስጠነቀቋት። አንድ ቀን ደግሞ ዝም ብዬ ተቀምጬ ሳለ "ከንፈርህ ምን ይላል?" አሉኝ።

"ጸሎት ነው፣ እማማ።"

"ስንተኛው ነው?"

ሠላሳ አንደኛው ነበር።

"ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም" አሉ። "ወደ አባትህ ሂድና ንገራቸው።"

ሄድኩ። ለቄስ ይትባረክ እስላሟ ወጌሻ ናቸው የላኩኝ ብዬ ስናገር ይቆጡ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ካህኑ መቋሚያቸውን ተደገፉ። "ጸሎት ለእግዚአብሔር ነው ልጄ፤ ለመርፌ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስትቀቅል ጸሎት አልፈቅድልህም።" ከደጅ ሳልወጣ ጠሩኝና "ሴትዮዋን ሰላም በልልኝ" አሉኝ። አንድ ሊቅ "ተሳሳትኩ" ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ብዙ አልደገመኝም።

ወር አለፈ። ፍርሃቱ ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ይሄዳል። ወረፋው አጠረ። ሰው አህያውን ሳያስር ጨርሶ መሄድ ጀመረ። ስንዱ ምሳ ላይ ስለ ተማሪዎቿ ታወራልኝ ጀመር፤ ለካ ብዙ የምታወራው ነበራት። እንዲህ ሆኜ በደስታ ላይ ሳለሁ እማማ ከድጃ በርጩማቸውን አነሱና "ከነገ ጀምሮ አልመጣም" አሉኝ።

"ኧረ እማማ! ገና ነኝ እኮ!"

"የአየለን ቀርከሃ ትናንት ፈታሁለት። ያንተም ደርሷል።"

"ቢመለስብኝስ?"

የሚሉትን ታውቁታላችሁ። አሉኝና ሄዱ።

በአራተኛው ቀን አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ያሉት ቄስ ይትባረክ ናቸው። ጎናቸውን ወግቷቸው፣ ትኩሳቱ አንድዷቸው፣ ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። የሳንባ ምች ነው። ፔኒሲሊን አለኝ፤ ዕድል ሆኖ ያን ወር አላለቀም። የቀረው መርፌ መቀቀል ነው።

ጣድኩት። ስንዱ የተሸካሚዎቹን ጩኸት ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሃያ ደቂቃዋ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ረጅሟ ነበረች። ሞላች፤ አወጣሁት። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ወር ሙሉ ሲያጠራቅም የከረመውን ሁሉ ይዞ መጣ። ለማን እንደሆነ ታውቃለህ? የነፍስ አባትህ ናቸው። በአንተ እጅ ሊሞቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መልሰው፤ ለእሳቸው ስትል እንኳ መልሰው። ሳላውቀው ዞሬ ስንዱን አየኋት።

ስንዱ አፏን ከፈተች። "ፈላ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ሲደርስ አየሁት። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ጥርሷ ግን አልላላም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም ሰው ለእኔ ያን ያህል ከባድ ነገር አላደረገልኝም።

መርፌውን ገጣጠምኩ። ወጋኋቸው። ቄስ ይትባረክ በደከመ ድምፅ "እጅህን ይባርከው" አሉኝ፤ እኔ እጄን ሳጥኑ ውስጥ ልከተው እየፈለግሁ ነበር። ከዚያ ወጥቼ ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስንዱ ከጎኔ ተቀመጠች። አልጠየቅኋትም። አልነገረችኝም። ፍርሃቱ እንደ ልማዱ ተነሳ፣ ከዚህ በፊት ደርሶ ከማያውቅበት ደረሰ፣ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። በማግስቱም ወጋኋቸው፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሴ ገቡ፤ ድምፃቸው ገና ሻካራ ቢሆንም ስንዱ ዜማውን ከውጭ ለየችው።

ለማመስገን ወደ እማማ ከድጃ ሄድኩ። ሁልጊዜ ልጠይቃቸው የምፈልገውን ያን ቀን ጠየቅኋቸው። "ዶክተሩ ከመጽሐፍ ነው ያገኙት። እርስዎ እንዴት አወቁበት?" አልኳቸው። ከአጥንት ነው የተማርኩት ይሉኛል ብዬ ነበር።

"ባሌን አላወቅኸውም" አሉ።

"አላወቅኋቸውም። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው የሞቱት።"

"ሸማኔ ነበር። ጥሩ ሰው። ለሶላት ሲታጠብ ውሃ የማፈስለት እኔ ነበርኩ። ይታጠብና 'ውሃው ክርኔን ነካው?' ይለኛል። 'ነካው' እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል። 'በደንብ ነካው?' ሰው ሰግዶ ሲወጣ እሱ ገና እየታጠበ ነው። በብርድ ጊዜ ቆዳው ይሰነጣጠቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት 'ነካው' አልኩት። ሲጨነቅ ማየት አልችልማ።"

እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ሊሞት ሲልም ጠየቀኝ" አሉ።

"ምን አሉት?"

"ነካው አልኩት። ምን ልበለው? ሊሞት ነው እኮ።"

ለሰው የማድለው ቃል ሁሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። አጠገባቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይተው እሳቸው ራሳቸው ቀጠሉ።

"በጓሮው መስኮት አይህ ነበር። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ስትል አጎነባበስህ የእሱ ነው። ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ልጅ መቼ ይመጣ ይሆን እል ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?"

"ወጌሻ ተጠርቶ ይሄዳል እንጂ በሽተኛ ይጠራል እንዴ?" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። "ብጠራህስ ትመጣ ኖሯል?"

አልመጣም ነበር። እንኳን ልመጣ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ ንግግር እጨምርባቸው ነበር። እኔ ሐኪም ፍለጋ ቀኑን በእግሬ፣ የቀረውን በጭነት መኪና አናት ላይ ስንከራተት ሐኪሜ አርባ እርምጃ ላይ ቆመው በመስኮት ያዩኛል።

ይህን እያሰብኩ የማመስገኛ ንግግሬን ላሳምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ከደጅ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ከወደ ስማዳ፣ ወገዳ አቅራቢያ፣ እግሩ የወለቀ ሰው በበቅሎ አምጥተው "እማማ ከድጃ! እማማ ከድጃ!" ይላሉ። እሳቸው ጥጣቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

"ዞር በል፣ ሥራ መጣ" አሉኝ።

ዞር አልኩላቸው።